ለአንድ ሌሊት ስንት ዋት ይበቃል?

ጆሐንስበርግ ያለው ልጃችን በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ "ለመስቀል ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ" ሲለን ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። አስከትሎ ያለው ነገር ግን ለእኔ የቤት ሥራ ሆነ። ልጆቹ ድንኳን ተክለው ማደር፣ በማግስቱም የሀምበሪቾን 777 ደረጃ መውጣት ይፈልጋሉ። "ካምፒንግ" ይሉታል። አባቶቻችን ከብት እየጠበቁ ሜዳ ላይ ሲያድሩ ስም ያላወጡለት ነገር ነው። እሱስ ባልከፋ፤ ታናሽየው፣ የዘጠኝ ዓመቱ፣ አስም አለበት። የሚነሳበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። እዚያ አገር አልጋው ራስጌ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኔቡላይዘር አይጠፋም።

የታሰበው ማደሪያ የወንድሜ ግቢ ነው፤ ከሆሳዕና በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ ሲኬድ፣ የሀምበሪቾ ተራራ ፊት ለፊት ቆሞ የሚታይበት መንደር። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከሥሩም ቢሆን መስከረም ላይ ሌሊቱ ይበርዳል። መብራት ገብቷል። ነገር ግን ክረምት ላይ አንድ ምሰሶ ከዘመመ ሰፈሩ ሁሉ ለቀናት ይጨልማል። ከሀዲያ በስተ ምዕራብ የሚፈሰው ጊቤ ወርዶ ኦሞ ሲሆን 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለበት፤ ወንድሜ ታዲያ "ውኃው በእኛ በኩል ያልፋል፣ መብራቱ በሌላ በኩል" እያለ ይስቃል።

አዲስ አበባ ያለችው ሴት ልጄ "ልጁ እኔ ጋ ይቅር፤ ሌሎቹ ይሂዱ" አለች። ባለቤቴ ደግሞ "ለያሆዴ መጥቶ የዘመዱን ግቢ ሳያይ ሊመለስ ነው?" ብሎ አኮረፈ። (ያሆዴ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ ወደ ከምባታ ስንሻገር መሳላ ይባላል። እኔ የከምባታ ልጅ ሆኜ ሀዲያ ስላገባሁ ሁለቱንም አከብራለሁ፤ አታካናውንም ከሁለቱም ቤት እበላለሁ።) ወንድሞቹ ያለ እሱ አንሄድም አሉ። በመጨረሻም ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ሰፈሩ ዛሬም "ሲስተር" ነው የሚለኝ፤ በቤቱ ደግሞ የመጨረሻው ቃል በጤና ጉዳይ የእኔ ነው። "መብራት ቢጠፋም መሣሪያው የሚሠራበትን መንገድ ካገኘሁ ይሄዳል፤ ካላገኘሁ ሁላችንም ሆሳዕና እናድራለን" አልኳቸው።

የዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ለእኔ አዲስ አይደለም። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር ገና ተማሪ ነበርኩ፤ የነርስ ዲፕሎማዬን ይዤ ስመደብ ግን የተረከብኩት የመጀመሪያ ንብረት የላምባ ፍሪጅ ነበር። እሳት አንድዶ ብርድ የሚያወጣ ማሽን! ክሩ ካልተከረከመ ያጨሳል፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ካልሆነ አይበርድም፤ ወለሉ ዘመም ካለ ያኮርፋል። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትር አይቼ እመዘግባለሁ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፤ ቅዳሜም፣ እሑድም፣ በዓልም። ሙቀት ብቻ አይደለም ጠላቱ። የቴታነስ ክትባት አንዴ በረዶ ከሠራ ዋጋ የለውም፤ ቢቀልጥም አይመለስም። በረዶ መትቶታል ብለን ስንጠረጥር ጠርሙሱን ነቅንቀን እንዴት እንደሚዘቅጥ እናያለን። ከዚያ በኋላ በፀሐይ የሚሠሩ ፍሪጆች መጡልን። ስለዚህ "ስንት ሰዓት ይቆያል? ሲያልቅስ ምን አለ?" የሚለው ጥያቄ ከልጅነት እስከ ጡረታ አብሮኝ የኖረ ነው።

ልጄም ስለ ባትሪ ከብዙዎቻችን በላይ ያውቃል። ከሀዲያና ከከምባታ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ እዚያ ያሉት ደግሞ የፈረቃ መብራት ምን እንደሆነ ጠግበው አይተዋል። በ2023፣ በእኛ 2015 መሆኑ ነው፣ በክፉው ወቅት በቀን ስምንት ሰዓት ያህል መብራት የማያዩባቸው ቀኖች ነበሩ። ሱቁን የሚያንቀሳቅሰው፣ የልጁንም መሣሪያ የሚያሠራው እነሱ "ፓወር ስቴሽን" በሚሉት እጀታ ባለው የባትሪ ሣጥን ነበር። "ያንኑ ይዤው እመጣለሁ" አለኝ። አይቻልም። በመንገደኛ አውሮፕላን እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይያዛል፤ ከ100 እስከ 160 ያለውን አየር መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ፤ ከዚያ በላይ መንገደኛው በእጁም በሻንጣውም ሊይዝ አይችልም። የእሱ ሣጥን 1,000 ነው። ትንሿ ፓወር ባንክም ብትሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አትገባም፤ በእጅ ነው የምትያዘው። ከውጭ ልጅ የምትጠብቁ ወላጆች ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ኤርፖርት ላይ ተወርሶ ከሚቀር።

እንግዲህ እዚሁ መግዛት ሊኖርብን ነው። ከገበያው በፊት ግን ደብተር አወጣሁ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው "የትኛው ይሻላል?" ብሎ ነው፤ እኔ የጀመርኩት "ምን ምን ሊሠራልን ነው?" ብዬ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ መሣሪያው የሚወስደውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት ማባዛት ነው። የልጁ ኔቡላይዘር በሞተር አየር የሚገፋው ዓይነት ነው፤ ሥሩ ላይ 120 ዋት ይላል። አንድ ጊዜ ሲሠራ ሩብ ሰዓት ቢቆይ 30 ዋት ሰዓት ነው። በአንድ ሌሊት ተኩል አራት ጊዜ ቢያስፈልግ 120። ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖል ለስምንት ሰዓት 80። አምስት ስልክ፣ ለእያንዳንዱ 15 ያህል፣ 75። ድምሩ 275 መጣ። በሕክምና ቤት መድኃኒት ስናዝዝ መጠባበቂያ እንጨምራለን፤ እዚህም ግማሹን ጨመርኩበት። 415 ገደማ።

የባለቤቴ ኢንሱሊን ከሒሳቡ ውስጥ የለም። ልጆቹ "ለአያታችን በመኪና የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ እንግዛ" ብለው ነበር፤ እኔ ከለከልኩ። አብዛኛው ኢንሱሊን አንዴ ከተከፈተ በኋላ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የእናንተን በማሸጊያው ላይ ካለው ጽሑፍ አረጋግጡ። የእኛ ደጋ ደግሞ መስከረም ላይ 30 ዲግሪ አይደርስም። ቆላ ለሚኖሩ ሁለት ማሰሮ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ መካከሉ እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው፤ ውኃው እየተነነ ያቀዘቅዘዋል። ርካሽ ፍሪጅ ገዝቶ ኢንሱሊኑን በረዶ ከማስመታት ማሰሮው ይሻላል። ኢንሱሊንም እንደ ቴታነስ ክትባት ነው፤ በረዶ ከነካው ይጣላል።

ከዚያ በኋላ ገበያ ወጣሁ። ሆሳዕና ዙሪያውን ጠየቅሁ፤ የአዲስ አበባዋ ልጄም መርካቶን ዞረችልኝ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። ብሩ በገበያ ይመራ የተባለው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰኞ የጠየቅነው ዋጋ ሐሙስ አይገኝም ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር ነው። በየመንደሩ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉት ልጆች የሚጠቀሙበት እሱን ነው፤ ሲበላሽ ጠጋኝ አያጣም። 12 ቮልት፣ 70 አምፒር ሰዓት የሚለው ባትሪ ሲባዛ 840 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ በወረቀት ላይ ከሚያስፈልገኝ እጥፍ። ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግመው ካወረዱት ዕድሜው ያጥራል፤ የመኪናው ዓይነት ደግሞ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ ብሎ ለመጠጣት አልተሠራም። ስለዚህ 420 በሉት። ኢንቨርተሩም የራሱን ይወስዳል፤ 360 ቀረኝ። ክብደቱ የአንድ ጀሪካን ውኃ ያህል ነው። ከሁሉ በላይ ውስጡ አሲድ ነው። ልጆች በሚራወጡበት ድንኳን ውስጥ አሲድ! በሥራ ዘመኔ በባትሪ ውኃ የተቃጠለ እጅ አጥቤ አውቃለሁ፤ አልፈልገውም።

ሁለተኛው ጄኔሬተር ነው፤ ወንድሜ ከጎረቤት እንዋሳለን አለ። ድምፁን ታገስነው እንበል። ጭሱ ለአስም ልጅ አይሆንም፤ ከጭሱም የባሰው የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጄኔሬተር በረንዳ ላይም ሆነ መስኮት ሥር አይነሳም፤ ከቤት ርቆ ሜዳ ላይ ነው ቦታው። ከሰልም ያው ነው። ድንኳን ውስጥ በረደን ብሎ ማንደጃ ማስገባት ማለት ምን እንደሆነ እናንተ አንባቢዎቼም በየዓመቱ ከምትሰሙት ዜና ታውቁታላችሁ። "ከሰሉ እኮ ፍም ሆኗል፣ አያጨስም" የሚባለው የሚገድለው ነው። ለብርድ ጋቢና ብርድ ልብስ አለ።

ሦስተኛው የልጄ ዓይነት ሣጥን ነው። ውስጡ ሊቲየም ነው፤ ግን ሊቲየም ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ወጣት እንደመከረኝ፣ "ሊቲየም አይረን ፎስፌት" የሚለውን ፈለግሁ፤ ከስልክ ባትሪው ዓይነት ይከብዳል እንጂ በቀላሉ አይጋይም፤ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ተሞልቶ ይወርዳል። የእርሳሱ ከጥቂት መቶ አያልፍም።

እዚህ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ሱቅ ገብቼ ባለ 500 ስጠይቅ ልጁ "1000 ዋት" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን አወረደ። "ከጠየቁኝም እጥፍ ነው፣ እማማ" አለኝ። "ዋት ነው ወይስ ዋት ሰዓት?" አልኩት። "ያው ነው" አለ። ያው አይደለም፤ ዋት ቧንቧው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ነው፣ ዋት ሰዓት ደግሞ በርሜሉ ምን ያህል እንደሚይዝ። መነጽሬን አድርጌ ጀርባውን ሳነብ በደቃቅ ጽሑፍ 60,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል። በ3.7 ቮልት አባዝቶ ለሺህ ማካፈል ነው፤ 222 ዋት ሰዓት። 1000 የተባለው ደግሞ ለሰከንዶች ብቻ የሚችለው ነው። እንደያዘው መልሼለት ወጣሁ። ፓወር ባንክ ስትገዙም በዚሁ ሒሳብ ኺዱ፤ 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ነው።

ሌላው የጠየቅሁት ኢንቨርተሩ "ፑር ሳይን ዌቭ" መሆኑን ነው። ርካሾቹ የሚያወጡት የተቆራረጠ ሞገድ አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፤ ሞተር ያለበት መሣሪያ ግን ይጮኻል፣ ይግላል። ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከተጻፈበት ሁለት ሦስት እጥፍ ስለሚስብም 120 ዋቱን ተማምኖ 150 የሚችል መግዛት አያዋጣም። በመጨረሻ አዲስ አበባ የተገኘው 512 ዋት ሰዓት፣ 500 ዋት የሚችል፣ ስድስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሆነ። ከመቶው 85 ያህሉ ቢደርሰኝ 435 ነው። ለ415 ሒሳቤ ልክ ሆነ። ሁለት ሌሊት ለሚያድር ሰው ባለ 100 ዋት ሶላር ያስፈልገዋል፤ እኛ አልገዛንም። የመስከረም ደመናን አምኖ ልጅ ይዞ አይወጣም፤ ከቤት ሞልተን ሄድን።

ስለ ሶኬትም አንድ ነገር ልጨምር። የደቡብ አፍሪካ ሶኬት ሦስት ወፋፍራም ክብ እግር አለው፤ በእኛ ግድግዳ አይገባም። ቮልቱ ስለሚቀራረብ ማስማሚያው ብቻ ይበቃል። ከአሜሪካ የሚመጣ መሣሪያ ግን 110 ብቻ የሚል ከሆነ እንዳትሰኩት።

ጳጉሜን ላይ ዕቃው እንደደረሰን፣ ኔቡላይዘር ከአንዲት ጎረቤት ተውሼ ማታ ቆጣሪውን አጥፍቼ ሞከርኩት። መድኃኒት ሳይሆን ንጹሕ ሳላይን ጨምሬ አራት ጊዜ አሠራሁት፣ ሁለት አምፖል አበርቼ አደርኩ፣ የባለቤቴንና የሠራተኛችንን ስልክ ሞላሁ። ባለቤቴ "ለባትሪ አዋላጅ ሆንሽ" እያለ ሲስቅ አመሸ። ጠዋት 43 ፐርሰንት ቀርቶታል። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ልጄ ሲመጣ በእጁ የምትያዝ ሌላ ትንሽ ኔቡላይዘር ይዞ መጣ፤ ሞተር የሌላት፣ በወንፊት የምትረጭ፣ ሁለት ሦስት ዋት ብቻ የምትጠጣ። በፓወር ባንክ ትሠራለች። ታዲያ ሣጥኑ ለምን አስፈለገ ትሉኝ ይሆናል። ወንፊቷ ስስ ስለሆነች በደንብ ካልታጠበች ትደፈናለች፤ ሁሉንም መድኃኒትም አትረጭም። ሁለት መንገድ ሳይኖረኝ ከመንገድ አልወጣም፤ እንዲያውም ሦስት ነበረኝ። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ፓፍና ስፔሰር ነው። ቀለል ላለና ለመካከለኛ ጥቃት ፓፍ በስፔሰር ከተወሰደ ከኔቡላይዘር አያንስም። ስፔሰር ያጣ ሰው የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ቀዶ ይጠቀማል፤ ብዙ እናቶችን አስተምሬበታለሁ። ለሴት ልጄም የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ ባትሪው ሐኪም አይሆንም። ልጁ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ የጎድኑ መካከል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መድኃኒቱ ወስዶም ቶሎ ካልተሻለው ኔቡላይዘሩ እየሠራም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ መኪናው ነዳጅ ሞልቶ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ እንዲቆም አደረግሁ። ድንኳኑም የተራራው ራስ ላይ ሳይሆን ወንድሜ ግቢ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ተተከለ። ልጆቹ ትንሽ አጉረመረሙ።

ምሽት ላይ እሳት ተለኮሰ፤ ያለ እሳት መስቀል የለም። ልጁን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ራቅ አድርጌ ይዤው ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መብራት ጠፋ፤ አገሩ ሁሉ ጨለመ፤ የእኛ ድንኳን ብቻ እንደ ፋኖስ በራ። የመንደሩ ልጆች ተሰብስበው ጨዋታው ደራ። እኔም አብሬያቸው ተኛሁ፤ ሣጥኑን እርጥብ ሣር እንዳይነካው በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ አየር እንዲያገኝም ምንም ሳልከምርበት።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሉ ቀሰቀሰኝ። ተቀምጧል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደረቱ ላይ ጆሮዬን ሳደርግ ያፏጫል። "ጎጎ" አለኝ፤ እዚያ አገር አያትን እንዲያ ነው የሚሏት። ሐኪሙ በጻፈለት መጠን ፓፉን በስፔሰር ሰጠሁት። ትንፋሹን ቆጠርኩ። ቀለል አለው እንጂ አልለቀቀውም። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ኔቡላይዘሩን ሰካሁ። በጨለማ ያ የሞተር ድምፅ ሲነሳ የተሰማኝን በቃል አልገልጸውም፤ በላምባው ፍሪጅ ዘመን ነበልባሉ ሰማያዊ ሲሆን የሚሰማኝ ዓይነት ነው። አባቱ በሩ ላይ ቁልፍ ይዞ ቆሟል። 84 የነበረው 78 ሲል መድኃኒቱ አለቀ። ፉጨቱ ረገበ፤ "ተርቤያለሁ" አለ። ከዚያ ወዲያ አባቱን "ቁልፉን አስቀምጥ" አልኩት። ሊነጋ ሲል አንዴ ደገምነው፤ 72።

በማግስቱ ደረጃውን አልወጣም፤ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ቡላ በላ። በሦስተኛው ቀን፣ ሌሊቱን ሳይነሳበት ካደረ በኋላ፣ ፓፉን በኪሱ ይዞ ከአባቱ ጋር ቀስ እያለ ወጣ። እስከ 412 ድረስ እንደቆጠረና ከዚያ እንደተምታታበት ነገረኝ።

ሣጥኑ አሁን እኛ ቤት ነው። እንደሞላ አላስቀምጠውም፣ ባዶም አላደርገውም፤ 60 ፐርሰንት ላይ አድርጌ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኖረዋለሁ፤ በየሦስት ወሩ አየዋለሁ። ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ከሸተተኝ ከቤት አውጥቼ ሜዳ ላይ ነው የማደርገው። ሰፈሩ ውስጥ አስም ያለባቸው ሦስት ልጆች አሉ፤ መብራት በጠፋ ሌሊት እናቶቻቸው በር ቢያንኳኩ እከፍታለሁ፤ ፓፉንና ጠርሙሱን ይዘው እንዲመጡ ግን አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ባለፈው ጥር ለሠርግ የድምፅ ማጉያ ሊዋሱት የመጡ ጎረምሶች ነበሩ። "ስንት ዋት ነው ማጉያው?" ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ሻይ ጠጥተው ሄዱ።